ፀሐይ በ12 ዓይነት

ባለፈው ዓመት ቡራዩ ላለ አንድ ዕድር የአባላት መዝገብ የሚይዝ ትንሽ ሶፍትዌር ሠራሁ። ክፍያ የለውም። አክስቴ የዕድሩ አባል ናት፤ «አንተ ኮምፒውተር ተምረህ የለም እንዴ?» ካለችኝ በኋላ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ከሰበታ እየተመላለስኩ በሦስት ቅዳሜና እሑድ ሦስት ትልልቅ ባለ መስመር ደብተር ወደ ላፕቶፕ ገለበጥኩ። ደብተሮቹን በተለያየ ጊዜ የጻፏቸው የተለያዩ ጸሐፊዎች ናቸው። የእጅ ጽሑፉ ተለያየብኝ እንጂ ሌላ ችግር አልታየኝም ነበር።

ክረምት ላይ አንድ ምሽት የአንዲት አባል ባለቤት አረፉ። ገንዘብ ያዡ ላፕቶፑን ከፍቶ ስማቸውን ጻፈና ፈለገ። «አልተገኘም» አለው። ደግሞ ሞከረ፤ «አልተገኘም»። የድሮው ደብተር ጸሐፊው ቤት ተቆልፎበታል፤ ጸሐፊው ደግሞ ሱሉልታ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል። ለመልእክተኛው «በመዝገቡ የሉም» ተባለ። ድንኳኑ የተተከለው በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው። ሌሊቱን ለቀስተኛው በየጎረቤቱ በረንዳ ሥር ዝናብ ተጠልሎ አደረ። ሴትየዋ ለ19 ዓመት አንድ ወር ሳያጓድሉ ከፍለዋል።

ጥፋቱ የገንዘብ ያዡ አይደለም፤ የእኔ ነው። ሙሉ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል እንዳለበት ብቻ ልናገር። የድሮው ጸሐፊ «ጸሐይ» ብሎ መዝግቦታል፤ እኔም እንዳለ ገለበጥኩት። ገንዘብ ያዡ «ፀሃይ» ብሎ ፈለገ። ሁለቱም ሲነበቡ አንድ ናቸው። ለኮምፒውተሩ ግን የጸ ቁጥር 4920፣ የፀ ቁጥር 4928 ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ሀ 4608፣ ሐ 4624፣ ኀ 4736። ማሽኑ ጆሮ የለውም፤ የሚያየው ቁጥር ነው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። የመጀመሪያው ድምፅ በጸም በፀም ይጻፋል፤ 2። መካከለኛው በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ፣ በኃ፤ 6። 2 በ6 ሲባዛ 12። የአባታቸው ስም ደግሞ «ኃይለ» ብሎ ይጀምራል፤ እሱም ብቻውን 6 አለው። 72 ዓይነት አጻጻፍ፣ አንድ ሰው። እኔ ከ72ቱ ለአንዱ ብቻ የሚሠራ ሰርች ሠርቼ ነበር።

በሚቀጥለው ቀን ቁጭ ብዬ 15 መስመር የማትሞላ ኮድ ጻፍኩ። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ትቀይራለች። መዝገቡ ላይ ለቀቅኳትና ሁሉንም ስም አስተካከለች፤ ማለትም አስተካከለች ብዬ አሰብኩ። በወሩ ስብሰባ ዝርዝሩ ታትሞ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ማታ ስልኬ ጮኸ። ጸሐፊው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ የነበሩ። ስማቸው «ሥላሴ» ብሎ ይጨርሳል፤ የእኔ ኮድ «ስላሴ» አድርጎታል።

«ልጄ፣ ስሜን ማን ቀይር አለህ?»

«ጋሼ፣ ድምፁ እኮ አንድ ነው።»

«ላንተ ነው አንድ የሆነብህ።»

ይቺ ጽሑፍ የተወለደችው ከዚህች መልስ ነው። እውነት ለመናገር መጀመሪያ የሽማግሌ ግትርነት መስሎኝ ነበር። ቆይቼ ሳነብና ስጠይቅ ግን ቢያንስ በታሪኩ እሳቸው ልክ መሆናቸው ገባኝ።

ትምህርት ቤት «ሞክሼ ፊደላት» ብለው ያስተማሩን እነዚህ ፊደሎች ሲፈጠሩ ሞክሼ አልነበሩም። የግዕዝ ፊደል ከቀይ ባሕር ማዶ ከደቡብ ዓረብ ፊደል ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። በአክሱም፣ በ4ኛው መቶ ዓመት፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን አካባቢ የአናባቢ ምልክቶች ተጨመሩበትና ዛሬ የምናውቀው ሰባት ረድፍ ያለው ፊደል ሆነ። ያኔ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ድምፅ ነበረው። ሀ እንደ ዛሬው ሀ ነው። ሐ ከጉሮሮ ውስጥ ተጨንቆ የሚወጣ ነው፤ ትግርኛ የሚናገር ጓደኛ ካላችሁ «ሓቂ» በሉኝ በሉት፣ ትሰሙታላችሁ። ኀ ወደ ኸ የሚጠጋ ድምፅ ነበር። ዐም እንደ ሐ ጉሮሮን አጥብቦ ይወጣል፤ ትግርኛ እስከ ዛሬ ይዞታል። ሠ እና ፀ ደግሞ አየሩ በምላስ ጎንና ጎን እያለፈ የሚነገሩ ነበሩ። የሠ ዓይነቱ ድምፅ አሁንም በየመንና በኦማን በሚነገረው በመህሪ ቋንቋ ውስጥ በሕይወት አለ።

ጋሼ በስልክ አንድ ምሳሌ ሰጡኝ። በአማርኛ «ሳለ» ብንል ሰውየው ጉንፋን ይዞት ሳለ፣ ወይ ሥዕል ሳለ። «ተሳለ» ብንል ደግሞ ለታቦት ተሳለ፣ ስለት ገባ። በግዕዝ ግን እነዚህ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሰዐለ ሲሆን አሳለው፤ ሠዐለ ሲሆን ሥዕል ሠራ፤ ሰአለ ሲሆን ለመነ። ለአክሱም ሰው ጆሮ ሦስቱ ፈጽሞ አይምታቱም። እኛ ዛሬ በአንድ ድምፅ የምንላቸው የድሮዎቹ ድምፆች ስለሞቱ ነው። ፊደሎቹ ግን አልተቀበሩም።

«ድምፁ ከጠፋ በምን እናውቃለን?» ላላችሁኝ፣ የእኔ ማስረጃ የመጣው ከሱሉልታ ነው። ያክስቴ ልጅ ቤሩት ስድስት ዓመት ሠርታ ተመልሳ እዚያ ትኖራለች። በዓረብኛ ቁጥር ቁጠሪልኝ አልኳት። ሰባት ላይ ስትደርስ «ሰብዐ»፣ አሥር ላይ «ዐሽረ» አለች፤ ሁለቱም ላይ ጉሮሮዋ ጠበብ ይላል። ግዕዙ ሰባትን «ሰብዐቱ»፣ አሥርን «ዐሠርቱ» ይላል። ልብ በሉ፣ ዓረብኛው ሰ ያለበት ቦታ ግዕዝ እሳቱን ሰ ይጽፋል፤ ዓረብኛው ሸ ያለበት ቦታ ግዕዝ ንጉሡን ሠ ይጽፋል። ዐ ያለበት ቦታ ሁሉ ዐ አለ። ያክስቴ ልጅ ግዕዝ አታውቅም፤ ቤሩት ውስጥ በሥራ የለመደችው ጆሮዋ ግን የአክሱምን ፊደል በትክክል ያርማል።

ግዕዝ የአፍ መፍቻ መሆኑ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ሆኖታል። ከቀረ በኋላ ግን የጽሕፈትና የጸሎት ቋንቋ ሆኖ ቀጠለ። ካህኑ የሚያነበው በአፉ በለመደው በአማርኛ ድምፅ ስለሆነ ሐም ኀም ሀ ሆኑ፣ ዐም አ ሆነ። በ14ኛው መቶ ዓመት ለአፄ ዐምደ ጽዮን የተገጠሙት የወታደር ዘፈኖች ከጥንታዊዎቹ የአማርኛ ጽሑፎች ይቆጠራሉ። ቢሆንም አማርኛ ዋና የጽሑፍ ቋንቋ ለመሆን እስከ 19ኛው መቶ ዓመት፣ እስከ ቴዎድሮስ ዘመን መጠበቅ ነበረበት። ብዕሩን የያዙት በግዕዝ ያደጉ ሰዎች ናቸው። አማርኛን ሲጽፉ ልማዳቸውን ይዘው መጡ፤ ከግዕዝ የመጣ ቃል በግዕዝ አጻጻፉ ይጻፋል። ድምፁ መለየት ስላቆመ ደግሞ ለፊደሎቹ ቅጽል ስም ወጣላቸው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ እሳቱ ሰ፣ አልፋው አ፣ ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሙን ያገኘው እያንዳንዱ ከሚጻፍበት ቃል ነው። በጆሮ መለየት ያልተቻለውን በቃል ማስታወስ ማለት ነው።

እንግሊዝኛን የተማረ ሁሉ ይህን ሕመም ያውቀዋል። «ናይት» ለመጻፍ፣ ፈረሰኛውን ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ የማትነበብ ኬ፣ መሐል ላይ የማይነበቡ ጂ እና ኤች። ልጅ እያለሁ ፈረንጆች እኛን ለማስቸገር የጨመሩት ይመስለኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ድሮ ሁሉም ይነበብ ነበር። ኬው «ክ» ይባላል፤ ጂ-ኤቹ ወደ ኸ የቀረበ ድምፅ ነበረው። ጀርመኖች የዚህኑ ቃል ዘመድ እስከ ዛሬ ኬውን አሰምተው «ክኔኽት» ይሉታል። ዊሊያም ካክስተን እ.ኤ.አ. በ1476 ማተሚያውን ለንደን አጠገብ ዌስትሚንስተር ሲተክል ቋንቋው በመለወጥ ላይ ነበር። አታሚዎች አጻጻፉን እየቆለፉ ሄዱ፤ ምላስ ግን ጉዞውን ቀጠለ። ኬው ከአንደበት የጠፋው ወደ 17ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። ከወረቀት ግን አልወጣም።

ሁሉም ግን ጥንት የሚነበቡ አልነበሩም። «ዴት» የሚለው ቃል፣ ዕዳ ማለት፣ ከፈረንሳይኛ ሲመጣ ቢ አልነበረውም። ሊቃውንት የላቲኑን አያቱን አስታውሰው ቢ ጨመሩበት። «አይላንድ» ውስጥ ያለው ኤስም እንዲሁ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ከላቲኑ ጋር ዝምድና ሳይኖረው ያለው መስሏቸው ሰኩበት። እኛስ? «ሠላም» ብሎ በንጉሡ ሠ የተጻፈ ካፌ፣ ፀጉር ቤት፣ የሚኒባስ መስታወት አላያችሁም? የግዕዙ ሰላም በእሳቱ ሰ ነው። ንጉሡ ሠ ግን ሲያዩት ያምራል፤ የተማረ ይመስላል። ያ ቆንጆ ሠ የእኛ «አይላንድ» ነው።

በእንግሊዝኛና በአማርኛ መካከል ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ፤ የዕድሩን ድንኳን ያዘገየውም እሱ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ የሞተው ፊደል አይነበብም እንጂ አጻጻፉ አንድ ነው፤ «ናይት»ን ሁሉም ሰው እኩል ይጽፈዋል፣ ስለዚህ ሰርች ያገኘዋል። እኛ ጋ የሚነበብ ነው፤ ግን ማንም አልቆለፈውም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም ሲቋቋም ድምፆቹ ከተዋሐዱ ዘመናት አልፈዋል፤ ከዚያ በኋላም ሁሉም እንደ ጸሐፊው፣ እንደ አራሚው ልማድ ይታተም ነበር። እነሱ የማይሰማ ፊደል አላቸው፤ እኛ የማይለያይ ፊደል አለን።

እውነተኛው ድምፅ አልባ ፊደልስ? አለን፤ ግን አይጻፍም። ሰበታ ውስጥ የታወቀው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስሙ «መርሐ ዕውራን» ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ አልፋለሁ፤ ትርጉሙን ግን ከዚያ የስልክ ጥሪ በፊት ጠይቄ አላውቅም። መርሐ በግዕዝ መራ ማለት ነው። የአማርኛው «መራ» ራሱ ከመርሐ የወጣ ነው። ሐ ስትወድቅ ረን ራ አድርጋ ሄደች። በልዐ በላ ሆነ፤ ሰምዐ ሰማ፣ መጽአ መጣ። የዛሬው አማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ እንዲህ «ኣ» ሲል ብዙ ጊዜ አንድ የጉሮሮ ፊደል እዚያ ተቀብራለች ማለት ነው። በላ፣ ሰማ፣ መጣ ስንል መቃብር እየረገጥን ነው።

ከቃሉ ፊት የወደቀችውን ደግሞ ዘመዶቿ ያጋልጧታል። አሰበ እንላለን፤ ስሙ ግን ሐሳብ ነው። አዘነ፣ ሐዘን። አፈረ፣ ኀፍረት። አለፈ፣ ኃላፊ ጊዜ። ግሡ በሰው አፍ ላይ ሲኖር ጉሮሮውን አጣ፤ ስሙ በመጽሐፍ በኩል ሲመጣ ቢያንስ «ሀ»ን ይዞ መጣ። እንግሊዝኛም ይህን ያደርጋል፤ «ሳይን» ውስጥ የማትሰማው ጂ «ሲግናል» ውስጥ ትሰማለች። ዝም ያለው ፊደል ቃሉ ከማን ቤት እንደወጣ የሚናገር መታወቂያ ነው።

ታዲያ እንቀንስ ወይስ እንያዝ? ክርክሩ ከእኛ ትውልድ በፊት የተጀመረ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ አማርኛን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማዋል ሲታገሉ ከሁለት መቶ በላይ ቅርጽ በጣት በሚቆጠር ቁልፍ ላይ እንዴት እንደሚሰፍር መፍታት ነበረባቸው፤ መሐንዲስ ሁሉ ፊደሉ ቢያንስለት ይመኛል፣ እኔም አንዱ ነኝ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሞክሼዎቹ አንዳንዱን ብቻ መርጠው ተጠቀሙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል በ1993 ዓ.ም ያሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ለአንድ ድምፅ አንድ ፊደል ያዘ።

በሌላ በኩል አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አሉ። የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸው ካረፉ በኋላ በ1948 ዓ.ም በተማሪያቸው በደስታ ተክለ ወልድ ድካም ታተመ። ደስታ ራሳቸው በ1962 ዓ.ም ያወጡት ትልቅ የአማርኛ መዝገበ ቃላት ርእሱ «ዐዲስ» ብሎ በዐይኑ ዐ ይጀምራል። ለእነዚህ ሰዎች ፊደል መቀየር ሥር መቁረጥ ነው። ሥሩ ከተቆረጠ ደግሞ ሥዕልና ሳል፣ ስለትና ልመና በአንድ ይጠቀለላሉ።

የምንኖርባቸው ከተሞች ይህን ክርክር በሌላ መንገድ በየቀኑ ያሳዩኛል። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ አሁን በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ ታፔላዎቹ ላይ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛም በፊደል ይጻፋል። ቁቤ በ1984 ዓ.ም ሥራ ላይ ሲውል ሕጉ ግልጽ ነበር፤ የሚሰማውን ጻፍ። የጠበቀው ይደገማል፣ የረዘመው አናባቢም ይደገማል። ስለዚህ የሰበታ በ፣ የቡራዩ ረ እና የ በቁቤው ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፈው ይታያሉ። በአማርኛው «ሰበታ» ላይ መጥበቁን የሚነግራችሁ ምልክት የለም፤ ከተማውን የማያውቅ ሰው አላልቶ ያነበዋል። የሚገርመኝ ይህ ነው። የእኛ ፊደል ድሮ የሞተውን ድምፅ በጥንቃቄ ይዞ፣ ዛሬ ከአፋችን የሚወጣውን መጥበቅ ግን አይጽፍም። ቁቤው ደግሞ የዛሬውን ይጽፋል፤ የሴትየዋ ስም በቁቤ ሲሰፍር ሀም ሐም ኀም አንዲት የላቲን ፊደል ይሆናሉ። አንዱ ከአንዱ ይበልጣል ለማለት አይደለም። ጥያቄው ጽሑፍ የማን አገልጋይ ነው የሚለው ነው፤ የሚናገረው ሰው ወይስ የቃሉ ታሪክ?

እኔ የደረስኩበት መልስ የፈላስፋ አይደለም፤ የፕሮግራመር ነው። የመጀመሪያው ስህተቴ ፊደሎቹ ፈጽሞ የተለያዩ እንደሆኑ አድርጌ ማየቴ ነበር። ሁለተኛው ፈጽሞ አንድ እንደሆኑ አድርጌ ማየቴ። አሁን መዝገቡ ሁለት ዓምድ አለው። አንደኛው ስሙን ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይይዛል፤ ማንም አይነካውም፣ የሚታተመውም እሱ ነው። ሁለተኛው የማይታይ ነው፤ በእሱ ላይ ሁሉም ፊደል በድምፁ ይጨፈለቃል፤ ሰርቹ የሚሮጠው በእሱ ላይ ብቻ ነው። ስትፈልግ በጆሮ፣ ስትጽፍ በሥር። የዋናዎቹን ስሞች ቅጂ ስላላስቀመጥኩ ከደብተሮቹ እንደገና መገልበጥ ነበረብኝ፤ ሌላ ሦስት ቅዳሜና እሑድ። ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠው ስም በስም አብረውኝ አመሳከሩ። አንዳንዴ የድሮውን ጸሐፊ ራሱን ያርሙታል፤ «ይሄ ሰነፍ!» ይላሉ።

ሥራው ሲያልቅ ከአክስቴ ጋር ወደ ሴትየዋ ቤት ሄድኩ። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፤ በስልክ የሚባል ነገር አይደለም። ቡና ቀረበ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ነገርኳቸው። ስለ ሐመሩ ሐ፣ ስለ ፀሐዩ ፀ ትንሽ ለማስረዳትም ሞከርኩ፤ ጋሼ በነገሩኝ መሠረት የስማቸው ትክክለኛ አጻጻፍ የትኛው እንደሆነ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።

«እማማ፣ መዝገቡ ላይ እንዴት ብዬ ልጻፍልዎት?» አልኩ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ» አሉኝ። «እንደወደድክ ጻፈው። ብቻ ሲፈልጉኝ አለች በሉ።»